ማንም የማያውቀው ቃል

በምኖርበት ግቢ ዋይፋይ የገባው ዘንድሮ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ያስገባችውም አከራዬ ናት፤ ከዐረብ አገር ተመልሳ በደብረ ታቦር ይህን ቤት የሠራች፣ እኔም እንደ ግቢው ሰው ሁሉ «እታለም» የምላት ሴት። መሣሪያው ሲም ካርድ የሚጎርስ አንድ ነጭ ሣጥን ሲሆን፣ ሳሎኗ ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሶኬት ላይ ተሰካ። የገጠመላት ሰው ከመሄዱ በፊት በብርቱ አስጠነቀቃት፤ «ፓስወርዱን ማንም የማያውቀው ነገር አድርጊው።» እሷም ትእዛዙን ቃል በቃል ፈጸመች። በላቲን ፊደል «ማንም አያውቀውም» ብላ ጻፈች።

ይህን በሰማሁ ጊዜ አልሳቅሁም። ምስጢር በአገራችን እንዴት እንደሚያዝ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እንደማላገኝ ብቻ ተረዳሁ። በሩ ይቆለፋል፤ ቁልፉ እዚያው በሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ባለቤቱም «ቆልፌያለሁ» ብሎ ተረጋግቶ ይተኛል።

የቃሉ የመጀመሪያ ጠያቂ ከአጥሩ ወዲያ ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ ነበሩ። አንዲት ልጃቸው ዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች፤ የምትደውልላቸውም በኢንተርኔት ነው። አንድ ረፋድ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ የተማሪዎቼን ወረቀት አርም ነበር።

«እስቲ ልጄ፣ የዚያን የዋይፋይሽን ቃል ንገሪኝ» አሉ።

«ማንም አያውቀውም፣ እማማ» አለች እታለም፣ ጎመን እየቀነጠሰች።

«አንቺም?»

«ኧረ ማንም አያውቀውም ነው የምልዎ።»

እማማ ስልካቸውን መልሰው በመሐረቡ ጠቀለሉና፣ «ደግ፤ አያውቀውም ካልሽ አያውቀውም» ብለው ወጡ።

እታለም የሆነው ነገር አልገባትም። በሚቀጥለው እሑድ እማማ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ፊታቸውን ሲያዞሩባት ደንግጣ መጥታ እኔን ጠየቀችኝ። ቃሉን እንደ ነገረቻቸው፣ እሳቸው ግን እንደ ከለከለቻቸው መቁጠራቸውን አስረዳኋት። እጇን ራሷ ላይ ጭና ሮጠች። ስትመለስ ግማሽ ፊቷ ይስቃል፤ ግማሹ ያለቅሳል። እማማ እንዲህ ብለዋት ነበር፤ «በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ እሳት የከለከለኝ ጎረቤት የለም። አንቺ የመጀመሪያዋ ሆንሽ ብዬ ነው እኮ፣ ልጄ።»

እሳት ያሉት እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። በእኛ ደጋ የምድጃዋ እሳት የጠፋባት ሴት ገል ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች፤ ፍም ጭራ ትመለሳለች። የተጣላ ሰው እንኳ እሳት አይነፍግም፤ የነፈገ ስሙ በመንደሩ ሲነሣ ይኖራል። ዛሬ ክብሪት በየሱቁ ሞልቷል፤ ገልም የሚይዝ የለም። ሕጉ ግን ተከድኖ እንዳደረ ፍም አመድ ለብሶ ኖሮ፣ አሁን በዋይፋይ ተቀጣጠለ። እታለም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉን ሳትጠየቅ ማደል ያዘች። ለተከራዩ ሁሉ ሰጠች። ለወተት አምጪዋ ሰጠች። ቆርቆሮ ሊጠግን ለመጣ ሰው ሳይቀር ሰጠች።

«ቢጭሩት አይጎድል» አለችኝ፣ ፊቴን አይታ።

«እሳት ቢጭሩት አይጎድልም፤ እውነት ነው» አልኋት። «ይህ ግን እሳት አይደለም። ሲካፈሉት የሚያንስ ነገር ነው።»

«አንተ ደግሞ መጽሐፍ ስታበዛ ሁሉ ነገር ያንስብሃል።»

ለማያስብ ሰው ንጽጽር አደገኛ መሣሪያ ነው። አንዱ ነገር አንዱን በአንድ በኩል ስለ መሰለው ብቻ በሁሉም በኩል የሚመስለው ይመስለዋል። ይህን ያኔ ልናገር አስቤ ተውሁት፤ ጉዳዩ የእኔ አልነበረም። ሐምሌ ሲጋመስ ግን የእኔ ሆነ።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የብራና ጽሑፎችን የሚያጠና የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በሩቅ ከተማ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ አመልክቼ፣ ለቃል ፈተና ተጠራሁ። ፈተናው በቪዲዮ ነው። ተፈታኙ የብራና ገጾችን ሥዕል ከኮምፒውተሩ ላይ እያሳየ እንዲተነትን ይጠየቃል፤ በስልክ መግባት ክልክል መሆኑም በጥሪው ላይ በደማቁ ተጽፏል። ትምህርት ቤቴ የትምህርት ፈቃድ የሰጠኝ ለዘንድሮው ቅበላ ብቻ ነበር። ርእሰ መምህሩ ሲፈርምልኝ «ለከርሞ አትምጣብኝ» ብሎኛል፤ የሚቀልድም ሰው አይደለም።

ላፕቶፕ አለኝ። ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ተመርቀውበታል። ማጠፊያው ስለ ተሰበረ ስክሪኑ ብቻውን አይቆምም፤ ስለዚህ ከአያቴ የቀረልኝ አትሮንስ ላይ አስደግፈዋለሁ። ዳዊት ይነበብበት የነበረ አትሮንስ ነው፤ አሁን የተሸከመው እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ማሽን ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ሲመለስም ተነሥቶ ዐይኑን እስኪገልጥ ድረስ ሰው እጁን ታጥቦ እራቱን ይበላል። ተከራዮቹ በበሬ ሲያልፉ ዝም ብለው አያልፉም። «መምህር፣ በድንጋይ ከሰል ነው የሚሠራው?» ይላል አንዱ። ሌላው «ዝም በለው፣ ከጣራ ገዳም የወጣ ቅርስ ነው» ይለዋል። በሚገዙት ስልክ አዲስነት የራሳቸውን አዲስነት የሚለኩ ሰዎች ናቸው።

ላፕቶፑ የእታለምን ዋይፋይ ያየዋል። ቃሉን ስጽፍለት ይቀበላል፤ ያስባል፤ ከዚያም መገናኘት እንዳልቻለ ይነግረኛል። ስልኬ ግን ያለ ችግር ይሠራል። የስልኬን ዳታ እንዳላጋራው ደግሞ ክፍሌ ውስጥ ሲግናሉ ደካማ ነው፤ ለቪዲዮ አይበቃም። በመጀመሪያ የጠረጠርሁት ፊደሉን ነበር፤ እታለም «አያውቀውም» የሚለውን ቃል የጻፈችው «ቀ»ን በ«ከ» ተክታ ነውና። በስልክ መልእክት የሚጻጻፈው ትውልድ «ቀ»ንና «ከ»ን፣ «ጠ»ንና «ተ»ን በላቲን አንድ አድርጎ ጨፍልቋቸዋል፤ ማንም አላዘነላቸውም። ሆኖም በእሷው አጻጻፍ ደጋግሜ ብሞክርም ላፕቶፑ መልሱን አልቀየረም።

ወደ ገበያው መንገድ ዳር ሞባይልና ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ባለሙያ ወሰድሁት። ገና ከቦርሳው ሳላወጣው ፈረደበት።

«ቲቸር፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው።»

«ምን አገኘህበት?»

«ገና አልከፈትኩትም።»

ፎርማት ቢደረግ ለፈተናው ያዘጋጀሁት ሁሉ እንደሚጠፋ ነገርሁት። «ለዚያ ነው እኮ የሚድነው» አለኝ። ጠበል እንኳ በየደዌው ነው፤ ይኼኛው ለዐይን፣ ያኛው ለቁርጥማት ይባላል። ይህ ሰው ግን ለስልክም፣ ለኮምፒውተርም፣ ለፍላሽም አንድ መድኃኒት ብቻ አለው፤ ማጥፋት። የጠፋ ነገር አይታመምምና ደምበኞቹ ድነው ይሄዳሉ።

«ካልፈለግክ ሌላ መላ አለ» አለ፣ ፊቴ አላማረውም መሰለኝ። «ፓስወርዱን አንሡት። ክፍት ሲሆን ሁሉም ይገባል።»

«ሌባ እንዳይሰብረው በሩን ነቅለህ ጣለው ማለትህ ነው?»

«እንደሱ በለው፣ ቲቸር።»

ላፕቶፔን ይዤ ወጣሁ።

ለቡሄ ግቢው ባዶ ሆነ። ሰዉ ነጭ ለብሶ ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ እኔ ከጉና ተራራ የሚወርደው ጉም ያመጣብኝ ጉንፋን ይዞኝ ቤት ቀረሁ። በልማድ ላፕቶፑን ከፈትሁት። ቃሉን እንኳ እንደ ገና ሳልጽፍ፣ ሲለምኑት የከረመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈጸመ፤ ገባ። ከዚያም መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑም ሣጥኑም ጠፉ። መብራቱ ሲመጣ ሰዉ ሙልሙሉን ይዞ ተመልሶ ነበር፤ ላፕቶፑም እንደ ጥንቱ መገናኘት አልችልም አለ።

ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። የሣጥኑን ካርቶን ፍለጋ ወደ እታለም ማድ ቤት ገባሁ፤ ሽንኩርት ተቀምጦበታል። ሽንኩርቱን ገፍቼ ጎኑን አነበብሁ፤ መሣሪያው በአንድ ጊዜ ከዐሥር ስልክና ኮምፒውተር በላይ አያስተናግድም። እንግዲህ ያ ሁሉ ላፕቶፑ ላይ የወረደ ስድብ ሐሰት ነበር። አርጅቶ አይደለም፤ ወንበር አጥቶ ነው። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የግቢው ስልኮች ሁሉ ተሽቀዳድመው ይሞሉታል፤ እሱ ደግሞ ዘወትር መጨረሻ ላይ የሚደርስ ነው።

በየቤቱ ዞርሁ። በፈተናዬ ረፋድ የስልካቸውን ዋይፋይ እንዲያጠፉልኝ በትሕትና ጠየቅሁ። ሁሉም ቅን መልስ ሰጡኝ፤ ቅንነቱ ግን አንዳች ጥቅም አልነበረውም። «እኔ እንኳ አልጠቀምም፣ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው» አለኝ ከጎኔ የሚኖረው አናጢ። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ከዐሥሩ አንዱን ወንበር እንደያዘ ሳስረዳው በትዝብት አየኝ። «ተኝቶ ደግሞ ምን ይይዛል?» ወደ አንበሳሜ ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ላይ ነጠላውን ወንበር ላይ ጥሎ ሻይ ሊጠጣ የሚሄድ መንገደኛ አለ፤ ነጠላው ተቀምጦ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ያንን ምሳሌ ሰጠሁት። «ይኸውልህ፣ ነጠላ የሚያነሣ ነውረኛ ነው» ብሎ በራሴው ምሳሌ ረታኝ።

ስለዚህ ወደ እታለም ሄድሁ። ቃሉን ለአንድ ረፋድ ብቻ እንቀይረው አልኋት። በዚህ ፈተና ላይ ምን እንደ ተንጠለጠለ ታውቃለች፤ ጥሪው የደረሰኝ ዕለት ከእኔ በላይ የጮኸችው እሷ ነበረች።

«አላደርገውም» አለች።

«ለአንድ ረፋድ ነው።»

«ስማ። እዚያ አገር ማዳሜ ቤት ስሠራ ዋይፋይ ነበረ። ውሻው አንገት ላይ የሚታሰረው መፈለጊያ ሳይቀር ይገባበታል። ለኔ ግን ቃሉን አልሰጠችኝም። እናቴ የታመመች ጊዜ ለምኛታለሁ፤ ‹አላውቀውም፣ ባሌ ነው የሚያውቀው› ትለኛለች። ፊት ለፊቴ እየተጠቀመች።» ወደ አጥሩ ጠቆመችና፣ «የእማማም ልጅ የምትደውለው ማዳሟ ረፋድ ላይ ስትወጣ ነው። ልክ በፈተናህ ሰዓት። እኔ ያንን ቃል አልቆልፍም፣ ወንድሜ።»

ክርክሬ ሁሉ ትክክል ነበር፤ እሷን ግን አላነቃነቃትም። በመጨረሻ እሷው መላ ዘየደች። ፈተናው ሊጀመር ሲል ሣጥኑን ነቅላ ትተወዋለች፤ ሁሉም ይወጣሉ። መልሳ ስትሰካው እኔ ክፍሌ ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቼ እጠብቃለሁ፤ ቀድሞ የገባ ገባ። አንድ የተማረ ሰው ለከፍተኛ ትምህርት የሚታጨው እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ በር ላይ ተጋፍቶ መሆኑን ሳስብ አፈርሁ። ግን እሺ አልሁ።

በዕለቱ ረፋድ ኮቴን ለብሼ፣ ላፕቶፑን አትሮንሱ ላይ አስደግፌ ጠበቅሁ። «ልስካው?» ብላ ከሳሎን ተጣራች። «ስኪው» አልሁ። ገባሁ። ስልኬንም ወዲያው አስገባሁት፤ ላፕቶፑ መሐል ላይ ቢከዳኝ በስልክም ቢሆን ገብቼ ፈታኞቹን ልለምን አስቤ ነው። ሌሎቹ ስልኮች ተከትለው ግር ብለው ገቡ፤ ሣጥኑም ሞላ።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ሰብሳቢው ስለ ተቋማቸው ታሪክ ረጅም መግቢያ እያነበበ ሳለ የክፍሌ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። እማማ ናቸው። ስልኩን በመዳፋቸው እንደ ገል ዘርግተው ይዘውታል።

«ምነው ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «ዛሬስ እሳቱ ጠፍቶ ነው? የኔይቱ ትደውል ነበር፤ ሰዓቷ ደረሰ።»

የላፕቶፑን ድምፅ አፈንሁ። የእሳቸው ስልክ አሮጌና ቀርፋፋ ነው፤ እንደ እኔው ላፕቶፕ ከሁሉ ኋላ ደርሶ ወንበር አጥቷል። የእታለምን ስም ጠርቼ ልልካቸው እችል ነበር። እሷም ከመንቀል በቀር የምታደርገው የላትም፤ ከነቀለችው ደግሞ እኔ አበቃልኝ። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ታወሰኝ። ተኝቶ ወንበር ይዟል።

የስልኬን ዋይፋይ አጠፋሁት። ጥቂት ቆይቶ በመዳፋቸው ያለው ስልክ ብልጭ አለ፤ ወዲያውም መጥራት ጀመረ። እማማ ወጡና፣ ከመስኮቴ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አነሡት።

ከዚያ በኋላ ያለኝ ሁሉ ያ አሮጌ ማሽን ብቻ ነበር። የላፕቶፑን ድምፅ መልሼ ከፍቼ የመጀመሪያውን ገጽ አሳየሁ። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ኅዳጉ፣ ጸሐፊው «ሀ»ንና «ሐ»ን የት ላይ እንደ ለየና የት ላይ እንዳምታታ ስናገር፣ የእማማ ድምፅ በመስኮቱ ገባ። «በላሽ ወይ? ማዳሟ ወጣች? ኧረ ቀስ ብለሽ አውሪ፣ መምህሩ ፈተና ላይ ነው!» ልጅቱን ቀስ በዪ የሚሉት ግቢው እስኪናወጥ እየጮኹ ነበር።

ሰብሳቢው እጁን አነሣ። «ይቅርታ፤ ከኋላህ የምሰማው ምንድን ነው?»

«ጎረቤት ናቸው። እሳት እየጫሩ ነው» አልሁ።

እንዲህ ልል አላሰብሁም ነበር። አባባሉ የእታለም ነው፤ ወር ሙሉ ስሞግተው ቆይቼ ከአፌ ወጣ።

«እሳት?» አለ ሁለተኛው ፈታኝ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «አደጋ አለ እንዴ? ቤቱን ለቅቀህ ውጣ እንጂ።»

ሴትዮዋ ጭስ ይታይ እንደሆነ ለማየት ወደ ስክሪኑ ቀረበች።

እነዚህ ሦስት ሰዎች ባወጡት ጥሪ ላይ «አገር በቀል ዕውቀት» የሚለው ሐረግ በየአንቀጹ ተቀምጧል። ሦስቱም እሳት መጫርን አያውቁም። የሺህ ዓመት ብራና ሊያስተምሩኝ የተቀመጡ ሊቃውንት፣ አንዲት ባልቴት ከጎረቤት ፍም ስትወስድ ቢያዩ እሳት አደጋ ይጠራሉ። የእኛን ግቢ ሰው ወሩን ሙሉ በንቀት ሳይ ከርሜ ነበር፤ የግቢው ሰው ግን ምንም ባያውቅ ይህን ያውቃል። እሳት መጫር ምን እንደሆነ ከገሉ ጀምሬ አስረዳኋቸው፤ ተማሪዎቼን በማስረዳበት ድምፅ ሳይሆን አይቀርም። ሰብሳቢው እስክጨርስ ጠበቀ።

«ጥሩ» አለ። «እሳቱን እንተወውና ወደ ብራናው እንመለስ።»

ተመለስን። ላፕቶፑ እያጓራ እስከ መጨረሻዋ ገጽ አደረሰኝ። ሲሰናበቱኝ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ «ውጤቱ ይገለጻል» ብለው ጠፉ። እማማ ገና ያወሩ ነበር፤ ወሬው ስለ አንዲት ላም ሆኗል።

በረንዳው ላይ እታለም እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ጠበቀችኝ።

«እህ? አለፍህ?»

ውጤቱ ይህን እስክጽፍ ድረስ አልወጣም።

«ማንም አያውቀውም» አልኋት።

«እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ» አለች። «የጠየቅሁህ ስለ ፈተናው ነው።»